ማሳል የማትችለው ሐረግ

ሐረግ የሞተችው ከአምስት ወር በፊት፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። «ገደማ» ያልኩት ሰዓቱን ስለዘነጋሁት አይደለም፤ እባብ የምትሞትበትን ቅጽበት በዓይን መለየት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ የተረዳሁት በዚያው ሌሊት፣ ገላዋን በሁለት እጄ ይዤ ትተነፍስ እንደሆነ ለማወቅ ስታገል ስለነበር ነው። ስለ እርሷ ለመጻፍ ይህን ያህል የዘገየሁት በኀዘን ብቻ አይደለም። ምን እንደገደላት ካወቅኩ በኋላም በሞቷ ውስጥ ያለኝን ድርሻ በትክክል ለመናገር የሚያስችል ማስረጃ አለመኖሩን፣ ማስረጃው የጠፋውም በእኔው ቸልተኝነት መሆኑን መቀበል ስለከበደኝ ነው።

ሐረግ በሳይንሳዊ ስሙ ፓይተን ሬጂየስ፣ በተለምዶ ቦል ፓይተን ከሚባለው ዝርያ ነበረች። የዚህ ዝርያ የትውልድ ምድር ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ሲሆን፣ መርዝ የሌለው፣ ሲፈራም ለመንከስ ከመቸኮል ይልቅ ጭንቅላቱን መሐል ደብቆ እንደ ኳስ የሚጠቀለል የዘንዶ ወገን ነው። ስሟን ያገኘችው ክንዴ ላይ ስትወጣ ግንድ እንደሚያቅፍ ሐረግ ቀስ ብላ እየተጠመጠመች ስለነበር ነው። ስድስት ዓመት አብራኝ ኖራለች። ትወደኝ ነበር ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን በመጀመሪያው ዓመት እጄ ሲቀርባት ትጠቀለል የነበረች እንስሳ በስድስተኛው ዓመት ምላሷን እያወጣች ጠረኔን ለይታ፣ በራሷ ፈቃድ ከመደበቂያዋ ስትወጣ፣ እኔን እንደ አደጋ መቁጠር መተዋን አውቅ ነበር፤ ያም ይበቃኝ ነበር።

ከመሞቷ ሰባት ወር ቀደም ብሎ ሁለተኛ እባብ ወደ ቤቴ ገባ። የቀድሞ ባለቤቱ ሊያኖረው ያልቻለ፣ የዚያው ዝርያ ወንድ ነበር፤ ጥላ ብዬ ጠራሁት። ዓይኑ የጠራ፣ ቆዳው ያማረ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የበላ እንስሳ ስለነበር ለጤንነቱ ሌላ ምስክር አልፈለግኩም። አዲስ የመጣ እባብ ቢያንስ ለ90 ቀን፣ የሚቻል ከሆነም በሌላ ክፍል፣ ለብቻው ተለይቶ መቆየት እንዳለበት አንብቤ ነበር። ያነበብኩትን ግን ሥራ ላይ አላዋልኩትም። ሳጥኑን ከሐረግ ሳጥን ትይዩ አስቀመጥኩት፤ ሁለቱንም የምመግበው በአንድ መቆንጠጫ ነበር፤ የውኃ ሳህኖቻቸውን አንድ ላይ አጥቤ የትኛው የማን እንደሆነ ሳልለይ እመልሳቸው ነበር፤ አንድ ቀንም የጥላን ሳጥን ሳጸዳ የማኖርበት ቦታ አጥቼ ለ20 ደቂቃ ያህል ከሐረግ ጋር አስገባሁት። ጎን ለጎን ተኝተው ሳያቸው ደስ ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ።

የመጀመሪያው የሕመም ምልክት ምግብ እምቢ ማለቷ ነበር። ቦል ፓይተን ያሳደገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው እነዚህ እባቦች፣ በተለይ በመራቢያ ወራት፣ ጤነኛ ሆነው ሳለ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይጾማሉ። ሐረግም ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ፣ አንዴም ለአራት ወር ያህል ሳትበላ ቆይታ፣ ምንም ሳትሆን ወደ ምግቧ ተመልሳለች። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ ያቀረብኩላትን አይጥ ሳትነካ ስትተወው አልደነገጥኩም። አለመደንገጤ በራሱ ጥፋት አልነበረም፤ ጥፋቱ የጤናውን ጾም ከሕመሙ የሚለየውን ነገር፣ ማለትም ክብደቷን፣ አለመከታተሌ ነው። በጤና የሚጾም ቦል ፓይተን በወራት ውስጥ የሚቀንሰው ጥቂት ነው፤ የታመመው ግን መክሳቱ ለዓይን ከመገለጡ በፊት ሚዛኑ ይናገራል። በግራም የሚመዝን ሚዛን ከሳጥኗ አጠገብ፣ እዚያው መደርደሪያ ላይ ነበረኝ። ሐረግን ለመጨረሻ ጊዜ የመዘንኳት ግን ከ11 ወር በፊት ነበር።

ቀጥሎ የመጣውን ምልክት ፎቶግራፍ አንስቼዋለሁ። አንድ ምሽት ከመደበቂያዋ ወጥታ፣ አንገቷን አቅንታ፣ ጭንቅላቷን ወደ ላይ ቀጥ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ቆየች። ዙሪያዋን የምትቃኝ መሰለችኝ፤ ከጎኗ የሚመጣው ብርሃንም ያምር ስለነበር አነሣኋት፤ ፎቶግራፉንም ለወዳጆቼ ላክኩላቸው። ጭንቅላትን ሽቅብ አንሥቶ መቆየት በእባቦች ዘንድ ከሚታወቁት የመተንፈሻ አካል ሕመም ምልክቶች አንዱ ነው፤ እንስሳዋ አንገቷን የምታቀናው አየር የሚገባበትን መንገድ ለመክፈት ስትታገል ነው። ፎቶግራፉን አላጠፋሁትም። አጉልቼ ሳየው አፏ በጥቂቱ ከፈት ማለቱ፣ በታችኛው ከንፈሯ ጠርዝም አንዲት የምታበራ ነጠብጣብ መኖሯ በግልጽ ይታያል። ያን ምሽት ከአንድ ክንድ በማይበልጥ ርቀት ቆሜ ይህንኑ እየተመለከትኩ አላስተዋልኩትም።

የዘገየሁበትን ምክንያት ለማስረዳት ስለ እባብ አተነፋፈስ ጥቂት ማለት ይገባኛል። እኛ ሳንባችን ውስጥ አክታ ሲጠራቀም አየር በብዛት ስበን፣ ከዚያም በኃይል አስወጥተን እናስላለን፤ አየሩን ለመሳብም ደረትንና ሆድን የሚለየው ዲያፍራም የተባለው ጡንቻ ዋነኛውን ሥራ ይሠራል። እባብ ዲያፍራም የላትም፤ የምትተነፍሰው የጎድን አጥንቶቿን በሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ነው። አብዛኞቹ እባቦች የሚጠቀሙት በቀኝ ሳንባቸው ብቻ ሲሆን፣ ዘንዶዎች ግራውም አላቸው፤ እርሱም ከቀኙ ያነሰ ነው። በዚህ ረጅምና ጠባብ አካል ውስጥ የተጠራቀመ አክታ ገፍቶ የሚያወጣው ኃይል ስለሌለ እዚያው ይረጋል፣ ይወፍራል፣ የባክቴሪያ መራቢያም ይሆናል። የእባብ የሳንባ ምች ያለ ድምፅ የሚጀምረው ስለዚህ ነው። ውሻ ወይም ድመት ሲያስል ባለቤቱን ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል። ሐረግ እኔን የምትቀሰቅስበት ነገር አልተሰጣትም ነበር።

ድምፅ የሰማሁት ሕመሙ ከገፋ በኋላ ነው። ቤቱ ጸጥ ባለበት ሰዓት ከሳጥኗ ውስጥ ቀጭን፣ የሚያፏጭ፣ አልፎ አልፎም እንደሚፈላ ውኃ የሚንተከተክ እስትንፋስ ተሰማኝ። ያኔም ቢሆን ቆዳዋን ልትለውጥ ተቃርባ ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ ቆዳቸውን የሚለውጡ እባቦች በአፍንጫቸው ቀዳዳ ዙሪያ በሚቀረው ልጣጭ ምክንያት ለአጭር ጊዜ ማፏጨታቸው የተለመደ ነውና። ሦስት ቀን ጠበቅኩ። በአራተኛው ቀን ከአፏ ጥግ አረፋ ሲወጣ አየሁ፤ በማግስቱም ወደ ሐኪም ወሰድኳት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነበር፤ እኔ ቅጠሉን ያነሣሁት ግን እሳቱ ከያዘ በኋላ ነው።

በተሳቢ እንስሳት ሕክምና ልምድ ያላቸው ሐኪም ነበሩ። ሐረግን ከመንካታቸው በፊት ሦስት ነገር ጠየቁኝ፦ «ባለፈው ወር ስንት ትመዝን ነበር? የሳጥኗ የሚሞቀው ጥግ ስንት ዲግሪ ነው? በዚህ ዓመት አዲስ እባብ አስገብተዋል?» ለመጀመሪያው ጥያቄ የነበረኝ መልስ 1,640 ግራም የሚል የ11 ወር ዕድሜ ያለው ቁጥር ነበር። ሚዛኑ ላይ ስትወጣ 1,380 ግራም ሆና ተገኘች። ለሁለተኛው በልበ ሙሉነት «32 ዲግሪ» አልኩ፤ የማሞቂያውን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ሁልጊዜ የሚያሳየኝ ይህንኑ ነበርና። «የምትተኛበትን ወለል ራሱን ለክተውት ያውቃሉ?» አሉኝ። አልለካሁም ነበር። ቤት ተመልሼ ከላይ ሆኖ በሚለካ የጨረር ቴርሞሜትር ሳየው ወለሉ 27 ዲግሪ ነበር። የቴርሞስታቱ መለኪያ ከታች፣ ከማሞቂያው ምንጣፍ ጋር ተጣብቆ ይኖር ነበር፤ እኔ እንዲመቻት ብዬ በየጊዜው የጨመርኩት ጉዝጓዝ ደግሞ ሙቀቱ ወደ ላይ እንዳይደርስ ከልክሎት ኖሯል። ቁጥሩ አልዋሸኝም፤ የሚነግረኝ ግን እርሷ ስላልነበረችበት ቦታ ነበር።

ይህ አምስት ዲግሪ ትንሽ ነገር አይደለም። እባብ የሰውነቷን ሙቀት የምታገኘው ከአካባቢዋ ስለሆነ፣ የምግብ መፈጨቱም ሆነ በሽታ የመከላከል አቅሟ በአግባቡ የሚሠራው ለዝርያዋ የሚስማማውን ሙቀት ስታገኝ ነው። እኛን ሲያመን ሰውነታችን ራሱ ትኩሳት ይፈጥራል፤ ብዙ ተሳቢ እንስሳት ግን ያንን ውጤት የሚያገኙት ሄደው ሞቅ ካለ ቦታ በመተኛት ነው። ሐረግ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከሚሞቀው ጥግ አትነሣም ነበር። ሰውነቷ ማድረግ የሚገባውን ያውቅ ነበር፤ ሄዳ የተኛችበት ጥግ ግን የምትሻውን አልያዘም።

ሐኪሟ ከአየር ቧንቧዋ ናሙና ወሰዱና ሴፍታዚዲም የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በየ72 ሰዓቱ በመርፌ እንድሰጣት አዘዙልኝ። በእባብ ሰውነት ውስጥ ይህ መድኃኒት በጣም ቀስ ብሎ ስለሚወገድ ለሰው በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚሰጠው ለእርሷ በሦስት ቀን አንዴ ይበቃታል። መጠኑ በኪሎ ግራም 20 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ መርፌው የሚወጋው በገላዋ የፊተኛው ክፍል ላይ ነው፤ በተሳቢ እንስሳት ከኋለኛው የሰውነት ክፍል የሚመለሰው ደም በከፊል በኩላሊት በኩል ሊያልፍ ስለሚችል ጥንቃቄ ይደረጋል። የተበጠበጠው መድኃኒት ቶሎ ኃይሉን ስለሚያጣም መርፌዎቹ አስቀድመው ተሞልተው በማቀዝቀዣዬ የበረዶ ክፍል ተቀመጡ፤ ሰዓቱ ሲደርስ አንዷን አውጥቼ በመዳፌ መሐል ይዤ አቀልጣት ነበር። በመጀመሪያው ቀን እጄ ተንቀጠቀጠ። ሐረግ መርፌው ሲገባ በጥቂቱ ተኮማተረች፤ ከዚያም ጭንቅላቷን ክንዴ ላይ አሳረፈች።

ከሦስተኛው መርፌ በኋላ ክብደቷ 1,345 ግራም ደረሰ፤ እስትንፋሷም አልተሻሻለም። ሐኪሟ ከባክቴሪያው በስተጀርባ ሌላ ነገር ሳይኖር እንደማይቀር ነገሩኝና፣ ከፈለግኩ በመጀመሪያ በሚያደነዝዝ፣ ቀጥሎም ልብን በሚያቆም መርፌ ያለ ሥቃይ እንድታርፍ ማድረግ እንደሚቻል አስረዱኝ። አንድ ሳምንት እንዲሰጡኝ ለመንኩ። ያን ሳምንት የጠየቅኩት ለማን እንደነበር ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። ሐረግ በዚያ ሳምንት ውስጥ ያገኘችው ነገር የለም፤ አፏን ከፍታ፣ ጭንቅላቷን ሳጥኑ ግድግዳ ላይ አስደግፋ ነበር የምትውለው። እኔ ግን ተስፋ የምለውን ነገር ይዤ ሰባት ሌሊት አደርኩ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ እንደገና ዕድሉ ቢሰጠኝ መጀመሪያ የምለውጠው ይህንን ነው።

ከአምስተኛው መርፌ ሁለት ቀን በኋላ፣ በዚያ ሌሊት፣ ከመደበቂያዋ ውጭ ተዘርግታ አገኘኋት። ስነካት አልተኮማተረችም፤ ጀርባዋ ላይ ሳስተኛትም አልተገለበጠችም። እባብ የዓይን ቆብ ስለሌላት ዓይኗ ተከፍቶ ነበር፤ ሕያው ሳለችም ቢሆን ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። እስትንፋሷን ለመቁጠር ሞከርኩ፤ ጤነኛ እባብ እንኳ በሁለት እስትንፋስ መካከል ረጅም ጊዜ ልትቆይ ስለምትችል የእርሷ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ሊገባኝ አልቻለም። ሲነጋ ደውዬ እስከ ቀጠሯችን በበረዶ ክፍሉ ላስቀምጣት እንደሆነ ሐኪሟን ጠየቅኳቸው። «በፍጹም እንዳያደርጉት» አሉኝ፤ ሁለት ምክንያትም ነገሩኝ። የመጀመሪያው መሞቷ ገና አለመረጋገጡ ነው፤ የተሳቢ እንስሳት አንጎል የኦክስጅን እጥረትን ለረጅም ጊዜ ስለሚቋቋም የሞተ የሚመስለው ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለም፤ ሕያው እንስሳን በረዶ ማድረግ ደግሞ ጭካኔ ነው። ሁለተኛው፣ ሞታም ከሆነ፣ በረዶው ሕዋሳቷን ስለሚያፈነዳ በማይክሮስኮፕ የሚመረመር ነገር አይተውልንም። ለምርመራ የሚቆይ ገላ መቀዝቀዝ እንጂ በረዶ መሆን የለበትም።

የበረዶ ክፍሉን ከፍቼ ያልተሰጧትን መርፌዎች አየሁ፤ መልሼም ዘጋሁት።

በክሊኒኩ ሐኪሟ ዶፕለር የተባለውን የደም ዝውውር ማዳመጫ ከልቧ በላይ አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ አዳመጡ። በቀደሙት ቀናት ከዚያ መሣሪያ የሚወጣውን ቀርፋፋና ሞቅ ያለ የልብ ምት ሰምቼ ነበር። በዚያ ቀን የተሰማው የመሣሪያው የራሱ ሹሹታ ብቻ ነበር። የድኅረ ሞት ምርመራ እንዲደረግላት ፈቀድኩ። ብዙ ሰው ይህን መፍቀድ ይከብደዋል፤ ለእኔም ከብዶኝ ነበር፤ ነገር ግን ጥላ ገና በሕይወት ነበር፤ እርሱን ምን እንደሚጠብቀው ሊነግረኝ የሚችለው የሐረግ ገላ ብቻ ነበር።

ውጤቱ የመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሳንባዋ ወፍሮ፣ የአየር ቧንቧዋም በረጋ አክታ ተሞልቶ ተገኘ። ባክቴሪያ ነበር፤ ዋናው ገዳይ ግን እርሱ አልነበረም። በፒሲአር ምርመራ ከሳንባዋ የተገኘው ሰርፐንቶቫይረስ ነው፤ ቀደም ሲል ኒዶቫይረስ እየተባለ ይጠራ የነበረውና በቦል ፓይተኖች ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ2014 በወጡ ጥናቶች ነው። የሚተላለፈው በዋናነት ከአፍና ከመተንፈሻ አካል በሚወጣ ፈሳሽ ሲሆን፣ ክትባትም ሆነ ቫይረሱን የሚያጠፋ መድኃኒት የለውም። አንዳንድ እባብ በሳምንታት ውስጥ ይሞታል፤ ሌላው ምንም ምልክት ሳያሳይ ቫይረሱን ይዞ ለረጅም ጊዜ ይኖራል። በዚያው ሰሞን ከጥላ አፍ በጥጥ ናሙና ተወሰደ፤ እርሱም ቫይረሱ ተገኘበት። ጥላ እስከ ዛሬ አንዲት ጊዜ እንኳ አላፏጨም።

እዚህ ላይ ነው መግቢያዬ ላይ ወደጠቀስኩት ነገር የምመለሰው። ጥላ ነው ያመጣባት ብዬ ለማመን ሁሉም ነገር ይገፋፋኛል፤ ኋላ የመጣው እርሱ ነው፣ ሳህኑም መቆንጠጫውም የጋራ ነበር፣ ያ 20 ደቂቃም አለ። ሐኪሟ ግን ተቃራኒውን ማስወገድ እንደማይቻል በግልጽ ነገሩኝ። ሐረግ ስድስት ዓመት ሙሉ ተመርምራ አታውቅም፤ ቫይረሱን ይዛው ኖራ ሊሆን ይችላል፤ 27 ዲግሪ የነበረው ወለል አቅሟን አዳክሞት፣ እርሷው ለጥላ አስተላልፋውም ሊሆን ይችላል። ጥላ በመጣበት ቀን ሁለቱም ቢመረመሩና ምርመራው ለይቶ በማቆያው ጊዜ ውስጥ ቢደገም ኖሮ፣ ይህ ጥያቄ ዛሬ መልስ ይኖረው ነበር፤ ምናልባትም ጥያቄው ራሱ አይነሣም ነበር። የትኛውን እንስሳ በየትኛው ስሕተቴ እንደጎዳሁ ሳላውቅ መኖር ከጥፋተኝነት የከበደ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አንድ ወዳጄ «እባብ አይደለች እንዴ?» ብሎኛል። በክፋት አልነበረም፤ ለእባብ ማልቀስ በእርግጥ አልገባውም። በጊዜው መልስ አልሰጠሁትም። አሁን ብመልስለት፣ ሐረግ እንድትኖር የሚያስፈልጋትን ሙቀት፣ እርጥበት፣ ውኃና ምግብ ሁሉ የምታገኘው ከእኔ እጅ እንደነበርና እርሷ አንዱንም በራሷ ማስተካከል እንደማትችል እነግረው ነበር።

ጥላ ዛሬ ብቻውን በሌላ ክፍል ይኖራል። መቆንጠጫው፣ ሳህኑ፣ ማጽጃ ጨርቁ የራሱ ነው፤ እጄን ከእርሱ በፊትም ከእርሱ በኋላም እታጠባለሁ። የቴርሞስታቱ መለኪያ ከጉዝጓዙ በላይ፣ እርሱ በሚተኛበት ልክ ታስሯል፤ ወለሉንም በየማለዳው በጨረር ቴርሞሜትር አረጋግጣለሁ። ለሌላ ሰው አልሰጠውም፤ እርሱ ባለበት ቤትም ሌላ እባብ አላስገባም። ይህ ረጅም ቃል ኪዳን ነው፤ ቦል ፓይተን በሰው እጅ 20 እና 30 ዓመት ይኖራል፤ እንዲያውም በአሜሪካ የሴንት ሉዊስ የእንስሳት ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1961 የተረከባት አንዲት ቦል ፓይተን በ2020 ከ60 ዓመት በላይ ሆኗት እንቁላል ጥላለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ጥላ ጭንቅላቱን ትንሽ ቀና ባደረገ ቁጥር ልቤ ይመታል፤ መብራት አብርቼ፣ ተንበርክኬ የአፉን ጠርዝ እመለከታለሁ። እስካሁን ደረቅ ነው።

እሑድ እሑድ እመዝነዋለሁ። ባለፈው እሑድ 1,112 ግራም ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበረው 1,108። ክብደቱን የምጽፍበት ደብተር የመጀመሪያ ገጽ የሐረግ ነው። ከላይ 1,640 ይላል፤ ከሥሩ ለ11 ወር ያህል ባዶ መስመር ትቻለሁ፤ ከባዶው ቀጥሎ 1,380፣ 1,345 እና 1,290 ተጽፈዋል።